የአሲሚና ሽምብራ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5

ዘነበ። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ። ጣራ ላይ ወጥቼ ቦዩን ጠረግኩ። አንድ የቴኒስ ኳስ አገኘሁ። በመንደራችን ቴኒስ የሚጫወት ሰው የለም።

ሌሞኒያ ከፒሬዎስ ደወለች።

«አባዬ፣ ምን በላህ?»

«ምግብ።»

«ምን ዓይነት ምግብ?»

«የሚበላ።»

ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ልጄ ናት፣ ጠባይዋን ከኔ ነው የወሰደችው።

ከሰዓት በኋላ የሸክላ ድስቱን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩት። አሲሚና ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ የምበላው ከቆርቆሮ ነው። በደሴታችን በሲፍኖስ ይህን ደፍሮ የሚናገር የለም። እሑድ ሽምብራ ነው። ቅዳሜ ድስትህን ዳቦ ቤት ታደርሳለህ፣ ከሰው ድስት ጋር ምድጃ ውስጥ ያድራል፣ ከቅዳሴ ስትወጣ ትወስደዋለህ። እኔ ግን ድስቱን ማየት ስላልቻልኩ ነው... ዛሬ ለምን እንደቻልኩ አላውቅም። ዝናቡ ይሆናል።

ሽምብራ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጨው፣ ውሃ። ሽንኩርት ስንት? የምጠይቀው ሰው የለም። ሁለት ጨመርኩ፣ ሳልከትፍ። ውሃ ከቧንቧ። ሽምብራው መዘፍዘፍ እንደነበረበት ትዝ ያለኝ ክዳኑን ስገጥም ነው።

ዳቦ ጋጋሪው ነክታሪዮስ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ ያቆቮስ! ምንድን ነው የያዙት?»

«ድስት።»

«ውስጡስ?»

«ሽምብራ።»

አማተበ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

 ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ከቅዳሴ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ ሴቶቹን እንዲያስተናግድ ትንሽ ቆየሁ። ገባሁ፣ ድስቴን አየሁ፣ ያው ነው፣ የከንፈሩ ስንጥቅ ሳይቀር። በጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ቤት ገብቼ ክዳኑን አነሳሁ።

አሲሚና።

ሌላ ምን ልበል? የሷ ሽምብራ ነው። ምላስ ላይ የሚቀልጠው፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ ጋ ጣፈጥ የሚለው... ያ ስሙን የማላውቀው ነገር ሳይቀር። ሠላሳ ሁለት ዓመት በየእሑዱ የበላሁት። ቆሜ ነው የጀመርኩት፣ በኋላ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። በማንኪያና በዳቦ እየበላሁ አለቀስኩ፣ ማንም አላየኝም። ድስቱን ጨረስኩት።

ሲያልቅ ነው የነቃሁት። ሽንኩርቱ ተከትፏል። እኔ አልከተፍኩም።

የሰው ድስት ነው የበላሁት። አንድ ምስኪን ደግሞ የኔን በልቷል። እግዜር ጥርሱን ይጠብቅለት።

ግን ማን ነው የሚስቴን ሽምብራ የሚያበስለው?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ዳቦ ቤት ሄድኩ።

«ትናንት ድስት ተቀያይሮብኛል።»

ነክታሪዮስ ሊጡን ማሸት አላቆመም። «ያማረረ ሰው የለም።»

«የኔን የበላው ሰው አላማረረም?»

«ሰው ጨዋ ነው ጋሼ።»

«የማን ነበር የደረሰኝ? ንገረኝ።»

«አርባ ሦስት ድስት ነበር።»

«ነክታሪዮስ!»

«ጋሼ፣ ቄስ ኑዛዜ ይናገራል? እኔም ድስት አልናገርም። አባቴም አልተናገረም።»

ዳቦ ሳልገዛ ወጣሁ። ረሳሁት እንጂ ተቆጥቼ አይደለም። ተቆጥቼም ነበር።

አንዲት ሴት ናት። አሲሚና ያስተማረቻት። መሆን ያለበት ይኸው ነው። የትም መንደር ትሁን፣ ፈልጌ አገኛታለሁ። ያንን ሙያ ተምሬ እሑድ እሑድ ራሴ እሠራዋለሁ። ሌላ ከዚህ ዓለም የምፈልገው ነገር የለም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

ካስትሮ። የአሲሚና መንደር።

በአውቶቡስ ሄድኩ፣ እንደ ተሳፋሪ። አዲሱ ሹፌር ፍሬን የሚይዘው እባብ እንደሚረግጥ ሰው ነው። ዝም አልኩ። ኩርባው ላይ ግን በራሴ እግር ወለሉን እየረገጥኩ ነበር።

ይህን አውቶቡስ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። ካስትሮ በር በቀን ስምንት ጊዜ ደርሼ እመለስ ነበር። ከበሩ ወደ ውስጥ የገባሁት ለሠርጌና ለአማቴ ቀብር ነው። ዛሬ በእግሬ ዞርኩት። ቤቶቹ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ተያይዘው ቆመዋል። ከታች ቋጥኙ ላይ ያቺ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ማዕበሉ እግሯ ሥር እየመጣ ይፈርሳል። ቆሜ አየሁ። ጥሩ ናት። እንግዶቹ ከአውቶቡሴ እየወረዱ ለምን እንደሚጮኹ ዛሬ ገባኝ። አንዷ ፎቶ አንሳኝ አለችኝ፣ አነሳኋት። ጣቴ ሳይገባበት አልቀረም።

የአሲሚና የአክስት ልጅ ዛምቤታ በር ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር።

«ሽምብራ? ረቡዕ ቀን? አሞሃል እንዴ?»

«ልበላ አልመጣሁም። አሲሚና ሽምብራ አሠራር ለማን ነበር ያስተማረችው?»

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።

«አሲሚና! ሽምብራ! አንተ፣ በልጅነታችን እኮ እናቷ ‹ይሄ በመድፍ ተጎርሶ ለወንበዴ መርከብ ነበር› ትላት ነበር። የአጎቴ የመንጋጋ ጥርስ የወጣው በሷ ሽምብራ ነው።»

«እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት በልቼዋለሁ! የሚቀልጥ ነበር!»

«እንግዲያ የሌላ ሰው ነው የበላኸው» አለችና ባቄላዋን ቀጠለች። በወይን አተላ የታሸ አይብ አቀረበችልኝ። ሽታው ከባድ ነው፣ ጣዕሙ ግን ልብ ያደርሳል። ተቆጥቼ ስለነበር ሁለት ቁራሽ ብቻ በላሁ። ሦስት።

ማታ ለሌሞኒያ ደወልኩ። እናትሽ ሽምብራ አስተምራሽ ነበር ወይ?

«ጠይቄያታለሁ። ‹የኔ ሙያ አይደለም፣ የሰው ነው› አለችኝ።»

«የማን?»

«እኔ ምን አውቄ። ሳቀች። አባዬ፣ ምን ሆነሃል?»

ዓርብ፣ ኦክቶበር 11

ቫቲ። ድስቱን ይዤ ሄድኩ። ዘንቢል ውስጥ፣ በፎጣ ጠቅልዬ። ሹፌሩ «ሕፃን ነው?» አለኝ። ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አደረግኩት።

ሸክላ ሠሪው አርጊሪስ ሰማንያ ዓመቱን አልፏል፣ ቤቱ ከባሕሩ አምስት እርምጃ ነው። ድስቱን ገለበጠው፣ በጣቱ አንጓ መታ መታ አደረገው፣ ጆሮውን አስጠጋ።

«የኔ ነው። መንታ አለው።»

«ምን ማለት ነው መንታ?»

«ሁለት አድርጌ ሠራሁ። ሁለት ሴቶች ናቸው ያዘዙኝ፣ በሰማንያ ስምንት። ከእሳት ሲወጡ ሁለቱም ከንፈራቸው ላይ ተሰነጠቁ። ልጥላቸው ስል እንቢ አሉኝ። ‹በዚህ እንለያቸዋለን› አለች አንዷ። ‹በዚህማ ይመሳሰላሉ እንጂ› አለች ሌላዋ። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ሳህን ዓሣ በሉ። ሲስቁ የቀረው ሸክላዬም ይሰነጠቃል ብዬ ፈራሁ።»

«እነማን ነበሩ?»

«አንዷ ያንተ ሚስት፣ ነፍሷን ይማር። ሌላዋ ረጅም፣ ፍንጭት።»

ረጅም። ፍንጭት። ድስቱን ከእጁ ተቀበልኩት፣ ሊወድቅብኝ ነበር።

ፍሎሬዛ ናት። የሲሞስ ሚስት። ከኔ ቤት ሦስት በር ላይ።

ለራሴም ቢሆን ይህን መጻፍ አለብኝ። ከሲሞስ ጋር ከተነጋገርን ሠላሳ አራት ዓመት ሆነን። ጁን 1990፣ አርቴሞናስ መውጫ ኩርባው ላይ፣ አውቶቡሴ የሱን አህያ ገጨ። እሱ አህያው ቆሞ ነበር ይላል። እኔ አህያው መጣብኝ እላለሁ። አህያው ትንሽ አነከሰ፣ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ይህን ማንም አያነሳም። በዚህ መንደር ነገር ሁሉ ከአህያው በፊትና ከአህያው በኋላ ነው። ሁለታችንም ሚስቶቻችንን «ዳግም እዚያ ቤት እንዳትረግጪ» አልን። አሲሚና «እሺ» አለች። አንድ ቀን እንኳን አልተከራከረችኝም። ያኔ ገርሞኝ ነበር።

ባሕሩ ዳር ቁጭ ብዬ ዓሣ አዘዝኩ። መልካም ዓሣ ነበር ይላሉ። እኔ አላስታውስም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

ከቆርቆሮ በላሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16

ሲሞስ ረቡዕ ረቡዕ ወደ ንቦቹ ይሄዳል፣ ኬሮኒሶስ። ከመስኮት ሲወጣ አየሁት። ድስቱን ይዤ ወጣሁ። ሦስት በር ነው። ለመድረስ ግን ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

ፍሎሬዛ ደረጃዋን ኖራ እየቀባች ነበር። ቀና አለች። ዘንቢሉን አየች። ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ተወችው።

«ዘገየህ» አለችኝ። በሠላሳ አራት ዓመት የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው።

«አስተምራሻለች? አሲሚና?»

«እኔን? እሷ?» ፍንጭቷ ታየ። ከዚያ ጠፋ። «ና ግባ። እግርህን ጥረግ።»

የነገረችኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ሽምብራው የሷ ነው። የፍሎሬዛ። ሁልጊዜም የሷ ነበር። ከአህያው በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ዳቦ ቤት ተገናኙ። ሰው ስለነበር መነጋገር አልቻሉም። አሲሚና እጇን ዘርግታ የፍሎሬዛን ድስት አንስታ ወጣች። ፍሎሬዛ ቆማ አየቻት፣ ከዚያ የአሲሚናን አንስታ ወጣች። በሚቀጥለው እሑድም እንደዚያው። እናም ሠላሳ ሁለት ዓመት።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ» አለችኝ። «እርስ በርስ መማታቱን ፈርታችሁ እኛን ከለከላችሁን። እኛም በላን።»

«አንድም ቀን አልተነጋገራችሁም?»

«እንዴት አልተነጋገርንም? በየሳምንቱ! ካንተ ጋር ስትጣላ ጨው ይበዛል። ሌሞኒያን ልትድር ስትል ዘይቱ እስከ ክዳኑ ነበር። እኔ ልጄ ስትታመምብኝ የብርቱካን ልጣጭ ሳልጨምር ላክሁላት፣ በማግስቱ ገበያ ላይ ገና ስታየኝ እንባዋ መጣ።»

የብርቱካን ልጣጭ። ጉሮሮ ጋ የሚመጣው... ያ ነው።

«በመጨረሻው ክረምት» አለች፣ «የመጣው ሽንኩርት በትልልቁ የተቆረጠ ነበር። እጇ እምቢ እንዳላት ያኔ አወቅኩ። ልሄድ ተነሳሁ፣ ሲሞስ በር ላይ ነበር፣ ተቀመጥኩ። እስከዛሬ ስለዚያ መቀመጤ ራሴን እረግማለሁ።»

 ይቅርታ አልኳት። ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

በዚያ እሑድ ግን? የኔን ድስት?

«መደርደሪያው ላይ አየሁት። ሳላስበው አንስቼ ወጣሁ። ያንተ መሆኑን እኮ አውቃለሁ፣ እሷ እንዳልሆነች አውቃለሁ። እጄ ግን አላወቀም።»

«ሲሞስ በላው?»

«ሁሉንም። አሲሚና ካረፈች ወዲህ ‹እጅሽ ተበላሸ› ይለኝ ነበር፣ ያን ቀን ‹ዛሬ እጅሽ ተመለሰ› አለኝ።»

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17

ሠላሳ ሁለት ዓመት እሑድ እሑድ «እጅሽ ይባረክ» አልኩ። ለማን ነበር?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18

ከአህያው በፊት የእሑዱን ሽምብራ፣ በአሲሚናም ድስት ቢሆን፣ የምታበስለው እናቴ ነበረች። እናቴ ያረፈችው አህያው በተገጨበት ሳምንት ነው። ከዚያ ደግሞ የፍሎሬዛ ሆነ። ስለዚህ... ቆጠርኩት፣ ደጋግሜ ቆጠርኩት። የሚስቴን ሽምብራ አንድ ቀን በልቼ አላውቅም።

ሌላውን ሁሉ በልቻለሁ። ዓሣዋን፣ የማር ቂጣዋን። እሑድን ግን ለኔ አልሰጠችኝም። ለሲሞስ ቤት ነው የሰጠችው። ተናድጃለሁ። ሙት ላይ መናደድ ነውር ነው ይላሉ፣ እኔ ግን ተናድጃለሁ። ናፍቃኛለችም። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ያንን ሽምብራ ሠላሳ ሁለት ዓመት የበላ ምላስ ሁለት ነው። የፍሎሬዛና የሲሞስ። ፍሎሬዛን «እንዴት ነበር?» ስላት «እንባዬ ውስጥ ስለበላሁት ለኔ ሁሉም ጨው ነው፣ በደንብ የሚያውቀው እሱ ነው» አለችኝ። «ግን እንዳትነግረው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያመሰገነው የኔን እጅ መስሎት ነው። ይሞትብኛል።»

እንዴት ነው ሳልነግረው የምጠይቀው?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23

ኬሮኒሶስ። የመንገዱ ጫፍ። ከዚያ ወዲያ ባሕር ብቻ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሹፌሩ በመስታወት አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ወሬው ከኛ ቀድሞ መንደር እንደሚገባ አውቃለሁ።

ወደ ንቦቹ ሲወጣ ተከተልኩት። ዳገት ነው። ዘወር ሳይል ቆመ።

«ንቦቹ እንግዳ አይወዱም።»

«ሲሞስ።»

አልዞረም።

እዚያ ቆሜ ሁሉንም አሰብኩ። በኔ ዘንድ የሚከፈል አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው። ሠላሳ አራት ዓመት ይዤዋለሁ።

«አህያው ቆሞ ነበር» አልኩት።

ዞረ። የኮፍያውን መረብ ገልጦ አየኝ። ፊቱ አርጅቷል። የኔም አርጅቶ ይሆናል።

«ምን አልክ?»

«ቆሞ ነበር። እኔ ሬዲዮ እነካካ ነበር። አላየሁትም።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።  ንቦቹ ይንጫጫሉ።

«ትንሽ ተንቀሳቅሷል» አለ በመጨረሻ። «እውነት ለመናገር። ጭራውን ብቻ አይደለም።»

ፍሎሬዛ አትንገረው ያለችኝን እንዴት አድርጌ ሳልነግረው እንደምጠይቅ አሰብኩ። አልመጣልኝም። «ሚስትህ እሑድ የምታቀርብልህ ሽምብራ» ብዬ ጀመርኩ፣ ቆምኩ። «ድሮ የምታቀርብልህ...»

«የአሲሚናን ማለትህ ነው?»

እኔም ተቀመጥኩ።

«ያቆቮስ፣ አህያ የነበረኝ እኔ ነኝ እንጂ አህያ አይደለሁም። የፍሎሬዛ ነገር ሁሉ ለስላሳ ነው። እሑድ ብቻ ጥርስ የሚሰብር? በዓመቱ አወቅኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ብናገር ልከለክል ነው። ብከለክል ፍሎሬዛ ልትሞት ነው። በላሁ።» ከዚያ፣ «ደግሞ ለመድኩት።»

«አሲሚና ከሞተች በኋላ ‹እጅሽ ተበላሸ› ትላታለህ አሉ።»

«እሑድ በመጣ ቁጥር የራሷን ድስት ታቅፋ ታለቅሳለች። በምን ልርዳት? የምትቆጣው ሰው ያስፈልጋታል አልኩ። ተቆጣችኝ፣ ተሻላት።»

ሁሉም ያውቃል። ዳቦ ጋጋሪው ያውቃል፣ ሸክላ ሠሪው ያውቃል፣ ባለ አህያው ያውቃል። እኔ ሹፌሩ ብቻ ነኝ ፊት ለፊት እያየሁ የነዳሁት።

«እንዴት ነበር?» አልኩት። «ንገረኝ። እንዴት ነበር የሚስቴ ሽምብራ?»

ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ሰው ሠላሳ አራት ዓመት ጠልቼዋለሁ፣ አሁን ደግሞ አፉን እየጠበቅኩ ነው። አንድ ቃል እንዳይጠፋው ፈራሁለት።

«ጻፍ» አለኝ።

የጻፍኩት ወረቀት እዚህ ነው። የጥብስ ቅጠል፣ ከልክ በላይ። ሽንኩርቱን ታቁላላለች፣ አንድ ነገር ታያለች፣ ትረሳዋለች፣ ታሳርረዋለች። ሽምብራው ከተዘፈዘፈ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ጨው እንደ ልቧ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26

አንድ ሰዓት ዘፈዘፍኩ። ሽንኩርቱን ከተፍኩ። እሳት ላይ አድርጌ ሆን ብዬ መስኮት ጋ ሄድኩ። ምን ታይ ነበር እዚህ ቆማ? የሦስተኛውን ቤት ጣራ። የፍሎሬዛን የልብስ ገመድ። ሽታው ሲመጣ አልቸኮልኩም።

ጨው ስንት? እንደ ልቤ ጨመርኩ። ብዙ ነው።

ነክታሪዮስ ድስቱን ተቀበለኝ፣ አሸተተው። አላማተበም። መደርደሪያው ላይ ከመንታው አጠገብ አስቀመጠው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 27

ሲሞስ ሁሉን ማወቁን ለፍሎሬዛ ነግሯት እሱ ራሱ ጠራኝ፣ በሱ ቤት ተበላ። ሦስታችን። በቀን፣ በር ተከፍቶ፣ መንደሩ በሙሉ በዚያ በኩል ሥራ አጋጥሞት ሲያልፍ ዋለ።

ሁለቱ ድስቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን። ፍሎሬዛ ክዳናቸውን ከፈተች። የኔን መጀመሪያ ለሲሞስ ሰጠችው። ጎረሰ። አኘከ። ጥርሱ ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማን። ማንኪያውን አስቀመጠ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እሷ ናት» አለ።

ፍሎሬዛ ከሳህኑ ቀመሰች። መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች፣ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ለኔ ቀረበልኝ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ ባገባሁ በአርባ ዓመቴ፣ የሚስቴን ሽምብራ ቀመስኩ።

መጥፎ ነው። ጠንካራ ነው። የጥብስ ቅጠሉ ጉሮሮ ይቧጭራል፣ ሽንኩርቱ መራራ ነው። የፍሎሬዛው እዚያው አጠገቡ ነበር፣ የሚቀልጠው፣ አልነካሁትም።

ሁለት ሳህን በላሁ። ሦስተኛውን ሲሞስ ቀደመኝ።